ድሩን ማን ቆረጠው

…ደግሞ ክር ሲቆረጥ ድምፅ አለው፣ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ አንዱ ብቻውን ምንም አይልም፣ መቶው አንድ ላይ ሲሆን ግን ምላጩ ሲያልፍበት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ይመስላል፣ ግማሹን ቆርጬ ቆምኩ፣ እጄ ስለደከመ እንጂ ስለፈራሁ አይደለም፣ ከዚያ የቀረውን ቆረጥኩ፣ አሁን የአባባ ድር ከእንጨቱ ላይ እንደታረደ በግ አንጀት ተንጠልጥሏል፣ አምስት ወር ሙሉ የፈተልኩት።

ጥሩ።

ጥሩ ነው ወይ፣ ጥሩ ነው፣ ከሽመና ቤቱ ጥግ ከደረቀው የሙዝ ቅጠል ክምር ኋላ ተቀምጫለሁ፣ ምላጩ ጣቴን በልቶኛል፣ ደሙ ቀሚሴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ውጭ ማንጎው ጥላ ስር ወንድሜ እንድሪያስ ትናንት የጠጣውን አረቄ ተኝቶ ያንኮራፋል፣ እማዬ ጓሮ ለቆጮ እንሰት ትፍቃለች፣ አባባ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወርዷል፣ ከዘካሪያስ ጋር ቀን ሊቆርጡ፣ እነሱ ቀን ይቁረጡ፣ እኔም ቆረጥኩ።

ሩጪ፣ እግሬ ሩጪ ይለኛል፣ ወዴት፣ ወደ ኩልፎ ወንዝ፣ ሙዙ ውስጥ፣ ከዚያስ።

ሴት ከሸማኔ ጉድጓድ አትገባም። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፣ ኦቾሎ ተራራው ላይ ሳለን እንዲህ ነበር፣ አርባ ምንጭ ከወረድንም ወዲህ ያው ነው፣ ሴት እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ ካስገባች ድሩ በራሱ ይበጠሳል ይላል አባባ፣ ሲምል ሁሉ እሰማዋለሁ፣ ውሸቱን ነው፣ ዛሬ እሱ የሚቀመጥበት ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን አስገብቼ እስከ አስር ቆጠርኩ፣ አንድም ክር አልተበጠሰም፣ ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ነው፣ ለካ እሱ በዚህ ሁሉ ሙቀት እግሩን ቀዝቃዛ ውስጥ አድርጎ ነው እኛ ላይ የሚጮኸው።

ጠዋት ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ነው የሰማሁት፣ የጎረቤታችን ልጅ ሃና፣ አፏ የማይዘጋ፣ ጀሪካኗን እንደ ከበሮ እየመታች፣ ሙሽሪት መጣች መንገድ ልቀቁ አለች፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔ የሌላ ሰው መስሎኝ ዞሬ አየሁ፣ ዞሬ ማየቴ ደግሞ ይበልጥ አሳቃቸው፣ አንቺን ነው እኮ ስመኝዬ፣ የሙሽራሽ ጋቢ አላለቀም እንዴ፣ የማን ሙሽራ አልኩ፣ ድምፄ አልወጣም፣ ከንፈሬ ብቻ፣ የማን ትላለች ደግሞ፣ የዘካሪያስ ነዋ፣ ከመስቀል በኋላ አባያ ዳር ዓሣ ስትበዪ ትከርሚያለሽ፣ ሴት ባሏ የሚለብሰውን ጋቢ ራሷ ስትፈትል አንቺን አየሁ፣ ጉድ፣ ምነው ቸኮልሽ።

ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። እግሬ ላይ ፈሰሰ። ጀሪካኔን ሳልከድን ተሸክሜ ሄድኩ።

ዘካሪያስ፣ አርባ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፣ ከጦሩ ሲመለስ ጠመንጃውን በመረብ የለወጠ ሰው፣ አባያ ላይ ጀልባ አለው፣ የፊተኛዋ ሚስቱ ክንዷ ተሰብሮ ነው ወደ ወላጆቿ የተመለሰችው፣ ወደቀች አለ እሱ፣ አዎ ወደቀች፣ ሁሉም ሴት ትወድቃለች፣ እማዬም ስንት ጊዜ ወድቃለች፣ አንድ ቀን ገበያ ላይ ዓሣ ሲመታ አይቼዋለሁ፣ ገና የሚንፈራገጠውን በዱላ ራሱን ይመታና ከሰው ጋር ወሬውን ይቀጥላል፣ አያየውም እንኳ፣ ይህ ሰው በሚያዝያ ቤታችን መጣ፣ ልቃቂቴን አንስቶ ክሩን በጣቱ ሳበው፣ ቀጭን ነው፣ ማን ፈተለው አለ፣ ልጄ አለ አባባ፣ እጇ ይባረክ አለ፣ እኔም ከበር ኋላ ቆሜ ደስ አለኝ፣ ደስ አለኝ እኮ! ጀዝባ። አንገቴን ደፍቼ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ፣ በማግስቱ ይበልጥ አቀጠንኩት።

ስመኝ ዝምተኛዋ፣ ስመኝ አፍ የላትም፣ አስተማሪው እንኳ አንቺ ልጅ መልሱን ታውቂዋለሽ ምነው እጅሽን አታወጪም ይለኝ ነበር፣ በወረቀት ሲሆን ግን እችላለሁ፣ ወረቀት አይጮህም፣ ስድስተኛን ጨርሼ ሚኒስትሪ አለፍኩ፣ ስሜ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በጣቴ ነካሁት፣ አባባ መጋቢት ላይ ነው ቃሉን የሰጠኝ፣ አንቺ እለፊ ብቻ፣ መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ትገቢያለሽ፣ ይህ ጋቢ ተሽጦ ለዩኒፎርምሽ ነው፣ ፈትዪ፣ ፈተልኩ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፈተልኩ፣ ለፈተና ሳጠና መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ፈተልኩ፣ አውራ ጣቴ ቆስሎ እየደማ ፈተልኩ፣ እንዝርቱ በተሽከረከረ ቁጥር ሰባተኛ፣ ሰባተኛ፣ ሰባተኛ፣ ለካ ዘካሪያስ፣ ዘካሪያስ፣ ዘካሪያስ እያለ ነው።

ጠብቄ ስነጠቅ ይህ የመጀመሪያዬ ቢሆን እኮ አልቆርጥም ነበር።

አባባ አዲስ አበባ ሊሸምን ሄዶ ስምንት ወር ቀረ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ይመጣል በተባለ ቀን ከጠዋት ጀምሮ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ቆምኩ፣ እማዬ ፀጉሬን ቅቤ ቀብታኝ ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኔን አልጠርግም፣ ስጠርግ ቢያልፈኝስ፣ መጣ፣ ከበሩ ወረደ፣ አባባ ብዬ ሱሪውን ያዝኩ፣ ጎንበስ ብሎ አየኝና የማን ልጅ ነሽ አለኝ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ከዚያ እንድሪያስን ከሰው መሀል አይቶ ጮኸ፣ የኔ አንበሳ፣ አቀፈው፣ አንገቱን ሳመው፣ በኋላ ሲነግሩት ሳቀ፣ አድጋ ነው እኮ አለ፣ ስምንት ወር ነው፣ ስንት ያህል ላድግ እችላለሁ።

እንድሪያስ ደግሞ፣ ኩልፎ ወንዝ ውስጥ ጭንቅላቴን ይዞ ውሃ ውስጥ የደፈቀኝ፣ ሌላ ቃል ስለማታወጪ ቢያንስ እርዱኝ ስትይ እንስማሽ ብሎ፣ ጓደኞቹ እየሳቁ፣ አልጮህኩም፣ ውሃውን ጠጣሁት።

ከሁሉ የባሰው ግን ሣሩ ነው፣ ሣሩን ባላስበው፣ አስበዋለሁ።

ሰባት ዓመቴ ነው፣ ኦቾሎ፣ ሁለት ወገን በድንበር ተጣልቶ ዱቡሻው ላይ፣ መንደሩ በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ገጀራ ይዞ ወጣ፣ አንዱ ጆሮው ተቆርጦ ደሙ በአንገቱ ይወርዳል፣ ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ አባት ደግፌ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አጭር፣ ነፋስ የሚጥላቸው የሚመስሉ፣ ጤዛ ያለበት እርጥብ ሣር ነጭተው መጡ፣ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው መሀል ላይ ተንበረከኩ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ገጀራው ሁሉ ወደ መሬት፣ ጆሮው የተቆረጠው ሰውዬ እንኳ ጥርሱን ነክሶ ቆመ፣ ሣር የያዘን ተራምዶ የሚያልፍ የለም፣ ያለፈ የተረገመ ነው፣ አፌን ከፍቼ አየሁ፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ ማለት ነው፣ መናገር አያስፈልግም፣ መንበርከክ ብቻ፣ ይሄ ለኔ የተሠራ ነው አልኩ።

በዚያው ሳምንት አባባ እማዬን በማገዶ ፍልጥ መታት፣ የጠመቀችው ቦርዴ ኮመጠጠ ብሎ፣ ወድቃ ራሷን በእጇ ሸፍናለች፣ ፍልጡ እጇ ላይ ሲያርፍ የእንጨት በእንጨት ድምፅ ነው፣ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፣ እርጥቡን መርጬ ነጨሁ፣ ተመልሼ ከፊቱ ተንበረከክሁ፣ እንደ አባት ደግፌ አድርጌ፣ በሁለት እጄ፣ ከፍ አድርጌ፣ እና ቆመ። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ፣ ቆመ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ፣ ሆነ አልኩ፣ እማዬ ድናለች አልኩ፣ ከዚያ ጎንበስ አለና ሣሩን ከእጄ ወስዶ አፌ ውስጥ ጠቀጠቀው፣ በአውራ ጣቱ እስከ ጉሮሮዬ፣ ብዪ፣ አለ፣ ሣር የሽማግሌ ነው፣ በሴት ልጅ እጅ ሲሆን መኖ ነው፣ እንድሪያስ በሩ ላይ ቆሞ ለላሟም ትንሽ አስቀሪላት እንጂ አለ፣ አባባ ሳቀ፣ እየሳቀ ወደ እማዬ ተመለሰ።

መጣ። አባባ እየዘፈነ ነው ከሲቀላ የሚመጣው፣ ጫማውን በሩ ላይ ይመታል፣ ጭቃውን ያራግፋል፣ ደስ ብሎታል፣ ስምምነቱ አልቋል ማለት ነው፣ ገባ፣ ዘፈኑ ቆመ። ትንፋሹን እሰማለሁ፣ ቅጠሉ ውስጥ አልተንቀሳቀስኩም፣ ዞሮ ቢያይ እዚሁ ነኝ፣ ሁለት እርምጃ፣ አይዞርም፣ እጁን ዘርግቶ የተቆረጠውን ክር በእፍኙ ይይዛል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይይዘዋል።

ድሩን ማን ቆረጠው!

እና ወጣ። ወጣ? ወዴት፣ ማንጎው ስር፣ እንድሪያስን በአንገቱ ሲጎትት ይመለሳል፣ ምን ሆንክ አባዬ፣ ምን አደረግኩ፣ ምን አደረግኩ ትላለህ ደግሞ፣ ትናንት ሰክረህ ይሄን እቃህን አቃጥለዋለሁ አላልክም፣ ከእንግዲህ አልሸምንም አላልክም፣ ዝተህ ፈጸምከው፣ ፊቱን ክሩ ውስጥ ያሽዋል፣ ፍልጡን አነሳ፣ በእናቴ ሞት እኔ አይደለሁም፣ ጀርባው ላይ፣ ታዲያ ማን ነው፣ ጋኔን ነው፣ ትከሻው ላይ፣ እዚህ ጉድጓድ ከአንተና ከእኔ ሌላ ማን ይገባል፣ አፉ ላይ፣ ጥርሱ መሬት ላይ ሲወድቅ አየሁት፣ ትንሽ ነው፣ ነጭ፣ እማዬ እየሮጠች መጥታ ኧረ በማርያም፣ ተው የእንድሪያስ አባት፣ ልጄን ልትገድለው ነው፣ በክርኑ ገፍቶ ጣላት።

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ፣ አንድ በል፣ ይሄ የወንዙ፣ ሁለት በል፣ ድገመው፣ ከቅጠሉ ኋላ ምላሴን ነክሼ ደሙ ይጣፍጠኛል፣ ዝም ማለት ብቻ ነው፣ ዝም ማለት ደግሞ ሙያዬ ነው፣ ከሚከተሉት ትክክለኛውን መልስ ምረጪ፣ ሀ. ዝም ማለት፣ ለ. መሮጥ፣ ሐ. መናገር፣ ሀ ነው፣ ሁልጊዜ ሀ ነው፣ እንድሪያስ ይሰበራል፣ እኔ አልሰበርም፣ ነገ አባባ አዲስ ድር ይዘረጋል፣ ስመኝ ነይ ፈትዪ ይላል፣ እፈትላለሁ፣ ከመስቀል በኋላ ጀልባው፣ ዱላው፣ ክንዴ፣ ወደቀች።

እና ይህን የቆረጠው እንድሪያስ ነው ይባላል።

ቆይ።

እንድሪያስ የአባቱን ድር ቆረጠ፣ ስንት ዓመት ይወራል፣ ጀግና ነው ይሉታል ጓደኞቹ፣ አባባም ቢሆን አርጅቶ እየሳቀ ይነግረዋል፣ የኔ አንበሳ፣ አንድ ጊዜ ድሬን ቆርጦብኝ ነበር እያለ፣ እኔ ግን በሕይወቴ አንድ ነገር አደረግኩ፣ አንድ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ ደሜ፣ እሱንም ለእንድሪያስ ሰጡት፣ ያውም ተኝቶ ሳለ፣ አባባ እኔ ልሆን እንደምችል ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰበም፣ ሁለት እርምጃ አጠገቡ ተቀምጬ አላየኝም።

ተነሳሁ። ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፣ ማንም አይዞርም፣ እኔ ነኝ፣ አልኩ፣ አልወጣም፣ አየር ብቻ፣ እኔ ነኝ፣ አባባ በጎን አየኝ፣ አንቺ፣ ውሃ አምጪ አለኝ፣ ውሃ! ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው፣ በእንድሪያስ እግር ላይ ተራመድኩ፣ የአባባ ቦታ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩ፣ እማዬ መሬቱ ላይ ሆና ልጄ ውጪ፣ ውጪ በናትሽ አለች፣ በደም የተነከረውን እጄን ከነምላጩ ከፍ አድርጌ፣ ድምፄ ሲወጣ የኔ አልመሰለኝም፣ ወፍራም ነው፣ የሌላ ትልቅ ሴት ነው፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ለዘካሪያስ አልፈትልም፣ እሱ ጋም አልሄድም፣ ሌላ ብትዘረጋም እቆርጠዋለሁ።

አንቺ፣ አለ።

አንቺ፣ ደገመ፣ እዚህ ገብተሽ።

ገብቼ።

ፍልጡ ከላይ ቆሟል፣ ይወርዳል፣ አውቃለሁ፣ ይውረድ፣ እኔ ግን የማየው ፍልጡን አይደለም፣ ፊቱን ነው፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ዓይኑ አንዴ ወደ ክሩ አንዴ ወደ እኔ ይላል፣ ቁጣው ገና አልደረሰም፣ ከቁጣው በፊት የሚመጣው ነው ያለው፣ ቃል ተገብቶለት ሲጠብቅ ኖሮ በመጨረሻ የተነጠቀ ሰው ፊት፣ ይህን ፊት ከውስጥ በኩል አውቀዋለሁ፣ መጀመሪያ ሆድ ላይ ነው፣ ከዚያ ጉልበት ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ አፍ ይደርቃል፣ በሰው ላይ ሲሆን ግን አይቼው አላውቅም ነበር፣ እንዲህ ያስረጃል ለካ፣ አይዞህ አባባ፣ ይለመዳል…