ለማር አቅራቢ ሁለትን ይጫኑ

ቢሯችን ከጎባ ወደ ሮቤ ሊዛወር ነው ሲባል፣ የስልኩና የኢንተርኔቱ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። የማር ማኅበራችንን ስልክ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያነሳሁት እኔ ሸዋዓለም ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ማን ያውቀዋል? ሥራ አስኪያጃችን ፍስሐ ከመጣ ገና መንፈቅ አልሞላውም። "እትዬ፣ አንድ ነገር እንዳይጎድል" አለኝ። ምን ይጎድላል!

በሚኒባስ ሮቤ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ክፍል ቆጠርኩ፣ ሶኬት ቆጠርኩ፣ ገመዱ በየት ዞሮ በየት እንደሚገባ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። የድሮው ቁጥራችን አብሮን እንዲዛወር ማመልከቻውን ከወር በፊት አስገባሁ፤ ማር አቅራቢዎቻችን ቁጥሩን የያዙት በቃላቸው ነው። ፍስሐ የዋይፋዩን ሳጥን የራሱ ቢሮ ውስጥ ሊያስቀምጥ ሲል፣ "ኢንተርኔቱን ብቻህን ልትበላው?" ብዬ ሳጥኑን ኮሪደሩ ላይ አሰቀልኩት።

ከዚያ የጠረጴዛዎቹን ንድፍ ሰጠኝ፣ በየጠረጴዛው ስልክ እንድመድብ። አሥራ አንድ ጠረጴዛ። ደግሜ ቆጠርኩ። የእኔ የለም።

"ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው፤ ደዋዩ ቁጥር ተጭኖ የሚፈልገውን ሰው ያገኛል" አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። "ለእርስዎ መጋዘን አካባቢ ቦታ እናያለን።" እናያለን! መጋዘን ማለት የመሰናበቻ መንገድ መሆኑን ማን ያጣዋል? ይባስ ብሎ፣ ድምፅዎ ያምራልና የማሽኑን መልእክት እርስዎ ይቅዱልን አለኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ማር የሚያቀርብልን የሪራ ገበሬ ሲደውል ጉዳዩን አያስቀድምም፤ መጀመሪያ "አካም ጅርታ? ነጋ?" ብሎ ሰላም ይላል። ከዚያ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ፣ ንቡ። ጉዳዩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማሽኑ ደግሞ ቁጥር ካልተጫኑለት በዐሥር ሴኮንድ ይዘጋል። አንድ ቃል ብናገር ፍስሐ ይሰማኝ ነበር። ይየው ብዬ ዝም አልኩ። በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ድምፄን አጣፍጬ ቀዳሁለት።

ዝውውሩ አማረ። ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሞላ ስልኩም ኢንተርኔቱም ሠራ። የመጀመሪያው ሳምንት ጸጥ አለ። "አዩ፣ እንዴት ሰላም ነው!" አለ ፍስሐ። በሁለተኛው ሳምንት ማሩም ጸጥ አለ፤ አንድ ጄሪካን እንኳ አልመጣም። እኔ የመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀምጬ በሆዴ እስቅ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሦስት ሽማግሌዎች በአይሱዙ ተጭነው ከሪራ መጡ። ከፊት ኦቦ ዳቢሴ ናቸው፤ ለማኅበሩ የመጀመሪያውን ማር ያስረከቡ ሰው። ፍስሐ ሊቀበላቸው ሲነሳ አልፈውት ወደ እኔ መጡ።

"ሸዋዓለም፣ ምን በደልንሽ?" አሉኝ። "አጥፍተን ከሆነ እንታረቅ ብለን መጣን።"

"ኧረ በሞቴ፣ ኦቦ ዳቢሴ! የምን በደል?"

"ሰላም ስንልሽ ትዘጊብናለሽ። ሮቤ ገብታ ኮራች ይላሉ፤ እኔ ግን እምቢ፣ አላምንም አልኩ።"

ፍስሐን ሳቅ አመለጠው። "አባቴ፣ እሳቸው እኮ አይደሉም፤ የተቀዳ ድምፅ ነው" አለ። እኔም የድል ሳቅ ልስቅ ነበር። ኦቦ ዳቢሴ ግን አልሳቁም።

"ድምፅሽ ነበር" አሉኝ ዝግ ብለው። "ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቼ ደወልኩ። ሲምቦ ሞተችብኝ፣ ከሰዓት እንቀብራታለን አልኩሽ። ሁለትን ይጫኑ አልሽኝ።"

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ሲምቦ ሚስታቸው ናት፤ እሳቸው ሲጨርሱ ስልኩን ነጥቃ ልጆቼን በየስማቸው እየጠራች የምትመርቅልኝ ሴት።

"ምናልባት አልሰማችኝም ብዬ ደግሜ ደወልኩ" አሉ።

ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባላል። እኔ ግን አይጧን እመታለሁ ብዬ ምጣዱን ሰበርኩት። እንባዬ መጣ፤ አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ፍስሐ ሄዶ የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። "እትዬ፣ ጠረጴዛዎን የት ላድርግልዎ?" አለኝ። ይህንን ለመስማት ነበር እኮ ሦስት ሳምንት የጠበቅኩት! አሁን ግን ጆሮዬ ውስጥ አልገባ አለ።

"ኦቦ ዳቢሴ" አልኩ፣ "ማሽኑ እንደሚዘጋብዎ አውቅ ነበር። ይህ ልጅ እንዲያፍር ብዬ አውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ኦቦ ዳቢሴ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ለዕርቅ ስንመጣ፣ በምን እንደተጣላን አናውቅም ነበር" አሉ። "አሁን አወቅን።" ይህን ብለው ለዕርቁ ተቀመጡ።