ከክሬኑ ጀርባ የገባች ጀንበር

“እንደገና ቅረጸኝ” አለ አሸናፊ፣ መኪናዋ ገና ከወደቡ በር ሳትወጣ። “ሪጉ ላይ የቀረጽከኝ አይሆንም። ሄልሜቱና መነጽሩ ፊቴን ሸፍነውታል። እማዬ ስታየው ‘ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነው?’ ነው የምትለው።”

ናሆም መሪውን ጨብጦ ፈገግ ለማለት ሞከረ። “እሺ፣ አል ዐይን ስንደርስ።”

“እዚያማ የእህቴን የትርፌን ፊት ነው የምትቀርጸው። በሩን ስትከፍት፣ ሳታስበው! መምጣቴን እኮ አልነገርኳትም።”

እሱ አልነገራትም፤ ትርፌ ግን ታውቃለች። የነገራት ናሆም ነው።

ናሆም ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ሥራው አቡ ዳቢ ባሕር መሐል በቆሙት የነዳጅ ማውጫ ሪጎች ላይ ስለ ሥራ ደኅንነት ፊልም መሥራት ነው። ለዘንድሮው ፊልም የመረጠው የክሬን ኦፕሬተሩን አሸናፊን ነበር። አሸናፊ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ፈቃድ ወጥቶለት፣ የጀልባው ቀን ሲደርስ ግን አንድ ትዕይንት ቀረ፤ ክሬኑ ዕቃ ሲያነሳ ጀንበር ከጀርባው የምትገባበት። በዚያ ሰሞን ሰማዩ በአቧራ ታፍኖ ጀንበር ጠፍታ ነበር።

“ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይልኝ” ብሎ ለመነው ናሆም። “አሁን ሰው ብቀይር ፊልሙ ይበላሻል።”

አሸናፊ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ቆየለት። ጀንበሯም በመጨረሻ ተገኘች፤ ቀይና ክብ ሆና ከክሬኑ ጀርባ ገባች። ናሆም እንደዚያ ያማረ ነገር ቀርጾ አያውቅም። በማግሥቱ ትርፌ ከአል ዐይን ደወለች።

“ናሆም ወንድሜ፣ እናታችን አረፈች” አለችው። “አደራህን፣ ባሕር ላይ ሆኖ እንዳይሰማ። የሚሠራው ከፍታ ላይ ነው። ብቻ ይዘኸው ና። ማዳምን አስፈቅጄ የአገራችን ልጅ ሸዋነሽ ቤት እጠብቃችኋለሁ። ራቱን ይብላ፣ ይረፍ፤ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ ይነግሩታል።”

መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ናሆም የራሱን አባት ሞት የሰማው እንደዚሁ ነበር። ዋዜማውን ከዘመዶቹ ጋር ዶሮ ወጥ በልቶ፣ ሲያወራና ሲስቅ አምሽቶ ነው የተኛው። ሁሉም ያውቁ ነበር። ያ ሳቁ እስከ ዛሬ ያሳፍረዋል።

ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ ሲደርሱ አሸናፊ አንድ ሱቅ በር ላይ አስቆመው። ገብቶ ሁለት ብርድ ልብስ አንጠልጥሎ ወጣ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ አበባ ያለበት።

“ለእማዬ የትኛው ይሻላታል? ብርድ አይሆንላትም።”

“ቆይ፣ ሌላ ጊዜ ትገዛለህ።”

“የምን ሌላ ጊዜ? ነገ ማታ እኮ ነው በረራዬ! አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል?” አሸናፊ መልስ አልጠበቀም፤ ባለ አበባውን ገዝቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

አል ዐይን መንገድ ላይ አሸናፊ ወሬውን አላቋረጠም። ስለ ሰፈሩ፣ እናቱ ስለምታሳድጋቸው ዶሮዎች፣ ሊያሠራላት ስላሰበው ጣራ አወራ። ናሆም “እህ” እና “አዎ” ይላል። በልቡ ግን አንድ ነገር ብቻ ይመላለስበት ነበር፤ ያን ጊዜ ሂድ ብለው ኖሮ በሕይወት እያለች ይደርስላት ነበር። እናቱን በጀንበር ለወጥኩበት እያለ ይንገበገባል። አሁን ቢጸጸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

“ትናንት እኮ ደውዬላት ነበር” አለ አሸናፊ። “ስልኳን ጎረቤታችን አነሳችው። ጸበል ሄዳለች አለችኝ።”

“ጸበል?”

“አዎ። ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ሂጂ ስላት እምቢ ነበር የምትለኝ። ጸበሉ ያሽራታል፣ ታያለህ።”

አል ዐይን ደርሰው አል ቃጣራ ሰፈር ሲገቡ ቀኑ ሊመሽ ነበር። ከቴምር ዛፎቹ ባሻገር የሸዋነሽ ቤት መብራት ይታያል። አሸናፊ ከኋላ ወንበር ካሜራውን አንስቶ የናሆም ጉልበት ላይ አኖረው።

“ከአሁኑ አብራው። እኔ ቀድሜ አንኳኳለሁ፤ አንተ ከኋላዬ ሆነህ ትቀርጻለህ። ስቀህ እንዳታበላሽብኝ!”

ናሆም ካሜራውን አየው። ከዚያ በር ጀርባ ትርፌ የለበሰችውን ጥቁር ቀይራ፣ ፊቷን ታጥባ ቆማለች። ሽማግሌዎቹም ወግ እያወጉ ይጠብቃሉ። ይህ ሰው በመሃላቸው እየሳቀ ራት ሊበላ ነው፤ ነገ ያን ሳቅ ያስታውሰዋል። አሁን ቢነግረው ትርፌ ትቀየመዋለች፤ ሽማግሌዎቹም “ምን አገባህ?” ይሉታል። ያውቃል። ግን ሁለት ሳምንት ወስዶበታል፤ ይህችን ሌሊት ደግሞ ሊጨምርበት አልቻለም።

መኪናዋን ወደ ቴምሮቹ ጥግ አውጥቶ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

“ምነው? ቤቱ እኮ ወዲያ ነው” አለ አሸናፊ።

ናሆም ካሜራውን ሳያበራው ወደ ኋላ ወንበር መለሰው። ከዚያ ዞሮ ብርድ ልብሱ ላይ ያረፈውን የአሸናፊን እጅ ያዘ።

“አሸናፊ” አለው፣ “ጸበል አልሄደችም።”