አንድ ስንዝር የጎደለው አንጀት

ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ የሌላ ሰው ስፌት አምኜ አላውቅም። የተሰጠኝን ሸሚዝ እንኳ ገልብጬ ሳላይ አልለብስም። እንዲህ ያለሁ ሰው፣ ገልብጬ የማላየው ስፌት ሆዴ ውስጥ ተሰፍቶልኝ አምስት ቀን በጀርባዬ ተንጋለልኩ።

የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እየቀመቀምኩ ሳለ ነው ሆዴን ጠምዝዞ ይዞ ማሽኑ ላይ የደፋኝ። ለካ ከትንሹ አንጀቴ አንዱ ክፍል ተጠማዝዞ ደም አጥቶ ኖሯል። ሆስፒታል ስወሰድ ዶክተሯ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጣ አወጣችና ሁለቱን ጫፍ ገጥማ ሰፋችው።

ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅኩት "በምን ዓይነት ስፌት ነው?" ብዬ ነው አሉ። ዶክተሯ ሳቀች። ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የምግቡን መንገድ ሁሉ ነገረችኝ።

"ምግብ አፍዎ ውስጥ ይደቅቅና በምራቅ ይርሳል። በጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ ይገባል። ጨጓራ በአሲድ እያሸ ወደ ፈሳሽ ይለውጠዋል። ከዚያ ትንሹ አንጀት ይቀበለዋል፤ ጉበት ሐሞቱን፣ ቆሽትም የራሱን ፈሳሽ ይልኩለታል። የሚጠቅምዎት ነገር በብዛት ወደ ደም የሚገባው እዚያ ነው። የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል፤ እሱ ውሃውን መጥጦ ሌላውን ያሰናብታል።"

"ትንሹ ስንት ሜትር ይሆናል?"

"ስድስት ገደማ።"

"ትንሹ?"

"ትንሽ የተባለው ስለቀጠነ ነው እንጂ ትልቁማ አንድ ሜትር ተኩል ነው። የትንሹን ውስጡን ቢያዩት ደግሞ ከፋይ ጨርቅ ነው የሚመስለው። ጸጉር የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ለብሷል፤ ምግቡን የሚመጥጡት እነሱ ናቸው።"

ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በሜትር እንደሚለካ ግን የነገረኝ የለም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የስድስት ሜትር ከፋይ ባለቤት ሆኜ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩም። እንዲያውም ቁርሴን ቆሜ፣ ምሳዬን ዓይኔን ከመርፌው ሳልነቅል ስሰለቅጥ ነው የኖርኩት። አፈርኩ።

"አሁን ግን ተኝቷል" አለች ዶክተሯ። "አንጀት ሲነካ ይደነግጣል፤ ምግብ መግፋቱን ያቆማል። መንቃቱን የምናውቀው አየር ሲወጣልዎት ነው። በታች በኩል ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ይህን ቱቦ ከአፍንጫዎ እነቅላለሁ፣ ሾርባም ይጠጣሉ። ሲወጣ እንዳያፍሩ፣ ይጥሩኝ።"

አትፈር ማለት ቀላል ነው። ባለቤቴ እስከ ማታ ሥራ ላይ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ አጠገቤ የሚቀመጡት አማቴ ነበሩ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር እሳቸው ፊት እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ አላውቅም። ማስነጠስ ሲመጣብኝ ወደ በረንዳ ነው የምሮጠው። እሳቸውም ከእኔ አይሻሉም፤ ሲያዛጉ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ነው።

በአራተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማቴ ሹራባቸውን ይሠራሉ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተንከባለለ። ያዝኩት። ጥርሴን ነክሼ፣ አንሶላውን ጨብጬ ያዝኩት፤ ግን አመለጠኝ። ድምፁ አሮጌ አንሶላ የሚቀደድ ይመስል ነበር። ላብ አጠመቀኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

የአማቴ ኪሮሽ ቆመ። ቀስ ብለው፣ "ውይ፣ ይቅርታ ልጄ። እኔ ነኝ። እርጅና እኮ ክፉ ነው" አሉ።

አንጀቴን በሉት። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ክብራቸውን ጠብቀው የኖሩ ሴት የእኔን ኀፍረት ራሳቸው ላይ ደረቡት። እኔስ ምን አደረግኩ? ማንኮራፋት ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሯ ሆዴን ነካካችና ፊቷ ተለወጠ። "አሁንም እንደተነፋ ነው። አየር ወጥቶልዎታል?"

አማቴን አየኋቸው። እውነቱን ብናገር እሳቸውን ዋሹ ማለት ሆነብኝ። "ኧረ በፍጹም" አልኩ።

"ዛሬ አምስተኛ ቀን ነው። ስፌቱ ጋ ተዘግቶ ይሆናል። መልሰን ከፍተን ማየት አለብን" አለችና ለቀዶ ሕክምናው የምፈርመውን ወረቀት አስመጣች።

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ሁለተኛ ጊዜ ከዚያ ክፍል በሕይወት የምወጣ አልመሰለኝም። ቢሆንም ልፈርም ነበር። ጅልነት ልክ የለውም።

"ቆይ!" አሉ አማቴ። ብድግ ሲሉ ሹራቡ ከጭናቸው ወደቀ። "ዶክተር፣ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቶለታል። ደህና አድርጎ!"

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። እኔም እንደሚያሳብቅ ሕፃን፣ "እርስዎ እኮ እኔ ነኝ ብለው ነበር" አልኩ።

"ውሸቴን ነዋ! እንዳታፍር ብዬ ነዋ! አንተ ደግሞ ለእኔ ክብር ብለህ ልትታረድ ነው? ልጄን ያለ ባል ልታስቀራት? እንዲህ ያለ ክብር ገደል ይግባ!" ድምፃቸው ተሰበረ።

ዶክተሯ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል፤ እርስዎ ግን ቢላዋ ላይ ሊዘሉ ነበር" አለችኝ። በማዳመጫዋ ሆዴን ደጋግማ አዳመጠች፣ ራጅ አስነሳችኝ፤ በመጨረሻም እስከ ከሰዓት እንጠብቅ ብላ ወረቀቱን ይዛ ሄደች።

አማቴ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "እኔ አልሰማም። አንተ ሥራህን ሥራ" አሉኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ሦስት ጊዜ ሠራሁ። በእያንዳንዱ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ "ተመስገን" ይላሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ቱቦው ተነቀለ። የመጀመሪያዋን የሾርባ ማንኪያ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። በጉሮሮዬ ስትወርድ፣ ጨጓራዬ ስትደርስ በሐሳቤ ተከተልኳት። ማታ ስፌቱን አልፋ ይሆናል ባልኩበት ሰዓት አለቀስኩ። ስፌቱ ያዘ። እኔ ራሴ እንዲያ አልሰፋም።

ከዓመት በኋላ አንድ እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ፣ አዲስ የመጣው የባለቤቴ እህት ልጅ እጮኛ ሳይቀር፣ ቤታችን ምሳ ላይ ተሰብስቧል። አማቴ ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ አመለጣቸው። ሁሉም ከሳህኑ ቀና አለ። እጃቸው የወንበሩን ክንድ እንደያዘ ቀረ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "ይቅርታ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ዶክተሯ እንዳልይዝ አዝዛኛለች።"

ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። አማቴ ቀስ ብለው ተነሱ። በኋላዬ ሲያልፉ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና፣ እኔ ብቻ እንድሰማው አድርገው፣ "ተመስገን" አሉ።