ፊቱን ወደ ጣውላው ያዞረው ጋዜጣ

ሚስተር ቫልሞንድ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት ያባረሩኝ ርእሰ መምህር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ቂም ይዛ ነው እንዳትሉኝ ነው። ቂም ይዣለሁ። ታሪኩ ግን እውነት ነው።

የደሴታችን ዕለታዊ ጋዜጣ «ዛጎል» ይባላል። ዓሣ ሲገባ አጥማጆች ትልቅ የባሕር ዛጎል እንደ መለከት ነፍተው ሰፈሩን ይጠሩታል፤ ስሙ ከዚያ መጣ። ዘንድሮ ሰባ አምስት ዓመት ሞላው። ባለቤቶቹ ታሪኩን በመጽሐፍ ይጻፉልን ብለው ሚስተር ቫልሞንድን ለመኑ። እሳቸውም ጻፉና ረቂቁን በጋዜጣው ቢሮ፣ ሰው በተሰበሰበበት አነበቡት። እንደሳቸው ከሆነ «ዛጎል» በሰባ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ሳይወጣ ቀርቷል፤ እሱም የታላቁ አውሎ ነፋስ ማግስት ነው። የዚያን ቀን ቅጂ መዝገብ ቤት ውስጥ የለማ!

ያኔ ጎረቤታችን ፓ ኦክታቭ ከኋላ ወንበር ተነሡ። እኛ ጋ ሽማግሌ ሁሉ «ፓ» ነው፤ እኚህ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ የ«ዛጎል» ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ለኅትመት ይደረድራሉ። ጋዜጣው ወጥቷል አሉ። ፊደሉን የለቀምኩት እኔ፣ የማተሚያ መኪናውን በእጄ ያዞርኩት እኔ፣ ያደልኩትም እኔ ነኝ አሉ።

ሚስተር ቫልሞንድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፓ ኦክታቭ፣ ዕድሜ ያስረሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ለካ ያልነበረውንም ያስታውሳል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ፓ ኦክታቭ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በረንዳቸው ላይ አልተቀመጡም፤ «ዛጎል»ንም መግዛት ተዉ። ሃምሳ ዓመት የሠሩበትን! መጽሐፉ ደግሞ ሰኞ ሊታተም ነው። ከታተመ ሰውዬው እስከ ዕለተ ሞታቸው ዋሾ ናቸው።

ቅዳሜ ዓሣ ሾርባ ይዤላቸው ሄድኩና ነገሩን አወጣጣኋቸው። የወረቀት መጋዘኑ ውኃ ስለገባበት ከሱቅ ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት ለመኑ። ቀለም ስላልነበረ የፋኖስ ጥላሸት በኮኮናት ዘይት ለወሱ። ያተሙት በአንድ ፊት ብቻ ነው። «ቀለሙ ግን አልደርቅ አለ፤ የነካው ሁሉ ጠቆረ» አሉኝ። ሕዝቡም አንብቦ ሲያበቃ ዓሣ ጠቀለለበት።

ቡናማ ወረቀት፣ የማይደርቅ ቀለም። ይህን የት ነው የሰማሁት እያልኩ እቤቴ ደረስኩ።

እኛ ጋ የገና በዓል ሲደርስ የጣውላ ግድግዳ በጋዜጣ ይለበጣል። አሮጌው አይነሣም፤ አዲሱ በላዩ ይለጠፋል። የማነበው የሚስተር ቫልሞንድ ትምህርት ቤት አስተምሮኝ አይደለም፤ የአክስቴ የታንቲ ዶርማ ግድግዳ ነው ያስተማረኝ። ታንቲ ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ዘቅዝቃ ትለጥፈዋለች፤ አንገቴ የጠመመው በዚያ ነው።

ታንቲን ጠየቅኋት። ቤቱ የተሠራው ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ነው፤ ለመጀመሪያው ገና እናቷ የለጠፈችው ደግሞ ቡናማ ወረቀት። «ቀሚሳችንን እያጠቆረ ስላስቸገራት ፊቱን ወደ ጣውላው አዞረችው። ከአልጋዬ ጀርባ ነው» አለችኝ።

ልላጠው ስላት ግድግዳዬን ራቁቱን ልታስቀሪው ነው ብላ መጥረጊያ አነሣች። ዘንድሮ ቤቱን በሙሉ ብቻዬን እለጥፋለሁ፣ ፋሲካ እስኪመጣ ውኃውንም እኔ እቀዳለሁ ብዬ ማልኩላት። መጥረጊያውን አስቀመጠች።

እሑድ ጠዋት በሙቅ ውኃና በጨርቅ ጀመርኩ። የሃምሳ ገና ወረቀት ተደራርቦ እንደ ጫማ ሶል ወፍሯል። ሙሽሮችን፣ የሙዝ መርከቦችን፣ የክሪኬት ጨዋታዎችን አልፌ ቡናማው ላይ ደረስኩ። ቀስ ብዬ ሳብኩት። እጄ ላይ እንደ ራሰ ዳቦ ፈረሰ። ምንም የለበትም። ላለቅስ ስል ጣውላውን አየሁት። ጥቁር ነው፤ ቀለሙ በሙሉ እንጨቱ ላይ ቀርቷል። ግን በዓለም ላይ የሌለ ፊደል ይመስላል። መዳፌም ጠቁሯል።

ሮጬ ሄጄ ወደ ጋዜጣው ቢሮ እንሂድ ብዬ ለፓ ኦክታቭ መዳፌን ዘረጋሁላቸው። ዳግመኛ መሳቂያ ለመሆን አልሄድም ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። መዳፌን አዩ፤ በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፤ የራሳቸውን ጣት አዩ። ባርኔጣቸውን አነሡ።

ሰኞ ጠዋት ከሳቸው ጋር ምስማሩን ነቅለን ጣውላውን አናቴ ላይ ተሸከምኩት። ታንቲ ግድግዳዬ የሚደርስበትን ሳላይ አልቀርም ብላ የእጅ መስተዋቷን ይዛ ተከተለች፤ ቆንጆ ሳትሆን ከተማ አትወርድም። የዓሣ ሻጮቹም ሥራ ፈትተው ተከተሉን። ቢሮው ስንደርስ ሚስተር ቫልሞንድ ረቂቁን ሊያስረክቡ ነበር። ጣውላውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ይህ ፊደል አይደለም፤ ሻጋታ ነው።»

«ገልብጡት» አሉ ፓ ኦክታቭ። «ላዩን ወደ ታች።»

ገለበጥነው። ሽማግሌው ተንበረከኩና ጣታቸውን እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ፤ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፉ። ለካ የእርሳስ ፊደል ግራና ቀኙ የተገላበጠ ነው፣ ልክ እንጨቱ ላይ እንደቀረው ቀለም፤ ለቃሚም የሚያነበው ላዩን ወደ ታች አድርጎ ነው፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያነበቡት እንደዚያ ነው። «ዛጎል። ማክሰኞ። ማተሚያችን ጣሪያ የለውም፤ እኛ ግን አለን። ንጹሕ ውኃ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ይቀዳል። ወላጅ የሚፈልጉ ልጆች የሚከተሉት ናቸው።» ስሞቹን እየጠሩ ወረዱ። ከዓሣ ሻጮቹ አንዷ የእህቷን ስም ሰምታ በመዳፏ አፏን ያዘች። ድንገት ፓ ኦክታቭ ማንበባቸውን አቆሙ። «ይበቃል፤ የቀረው ይቅር» አሉ።

ሚስተር ቫልሞንድ ፈገግ አሉ። «ፈጥረው እንዳላነበቡ በምን እናውቃለን?»

የታንቲን መስተዋት ነጥቄ ጣውላው ላይ ደገንኩላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ መንቀሳቀሱን ተወ። ጆሯቸው ቀላ። እኔ መስተዋቱን እንደያዝኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«ቫልሞንድ፣ ስድስት ዓመቱ፣ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ላይ ተገኘ፤ ሱሪ የለውም።»

ያን ቀን የተሳቀው ሳቅ የወደቡን ወፎች ሁሉ አስነሥቷል። ፓ ኦክታቭ ብቻ አልሳቁም። «እናትህ ይህን ወረቀት ይዛ ነው እየሮጠች የመጣችው» አሏቸው። «ያደልኳት እኔ ነኝ።»

ሚስተር ቫልሞንድ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ ጎንበስ ብለው የሽማግሌውን የጠቆረ እጅ ያዙ፤ ከተንበረከኩበትም አነሷቸው። ረቂቁንም እዚያው ቀደዱት፤ ያችን ገጽ ብቻ፣ ጅል አይደሉም።

በኢዮቤልዩው ቀን ጣውላው አዳራሹ መሐል ቆመ፤ ፓ ኦክታቭም ከጎኑ፣ በነጭ ሸሚዝ። መጽሐፉ አሁን «ዛጎል አንድ ቀን እንኳ ዝም አላለም» ይላል፤ የዚያ ቀን ጋዜጣም በሙሉ ሰፍሮበታል። ከመታተሙ በፊት ሚስተር ቫልሞንድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሱሪው ያለችው ነገር ትውጣ ይሆን ብለው ጠይቀው ነበር።

«የለቀምኩትን ፊደል አልበትንም» አሏቸው ፓ ኦክታቭ።