ዝግባው ሥር የተቀመጠችው

ኢየሩስ ልጇን በስምንተኛ ወሯ አጣችው። ትንፋሽ ሳይኖረው ተወለደ። ባሏ ሳምሶን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሆኖ ቀበረው፤ እሷ አልጋ ላይ ስለነበረች መቃብሩን አላየችም። ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤታቸው በአጽናኝ ተሞላ። "ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ነሣ" አሏት፤ እሷም "አሜን" አለች።

ገላዋ ግን አሜን አላለም። ሰዉ በተበተነ ማግሥት ጡቷ አጋተ። እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ሸሚዟ ራሰ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በጨርቅ ጠበቅ አድርጊው ስላለቻት አሰረችው። ጎረቤት ያለ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ግን ወተቱ የተጠራ እየመሰለው ከጨርቁ ሥር ይወርድ ነበር።

በቆላው ሙቀት ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥላታል። በሕልሟ የአባያ ሐይቅ ውሃ እንደ ቀይ ጋቢ ቀስ ብሎ ይገፈፋል፤ ከሥሩ አንዲት ግዙፍ ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ኢየሩስ ልትጠራት አፏን ስትከፍት ትነቃለች።

ሕልሙን ለሳምሶን ነገረችው። ደግ ሰው ነው፤ እጇን ይዞ ከልቡ ጸለየላት። ሕልሙ ግን አልተዋትም።

በዚያው ሰሞን የእናቷ እህት አገርነሽ ከጨንቻ ወርዳ መጣች። የራሰውን ሸሚዝ አየችና ወደ ሳምሶን ዞረች።

"ልጄን ልውሰዳት፤ ደጋው ይሻላታል። ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ ትወስዳታለህ" አለችው ሳምሶንን።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው ቆላው ላይ ያሉት ሁለቱ ሐይቆች ወደ ኋላ ቀሩ፤ ከዚያ ጉም ተቀበላቸው። ቀርከሃው፣ ሰፋፊው የእንሰት ቅጠል፣ ነጭ የለበሱ ገበያተኞች ብቅ እያሉ መልሰው ጠፉ። ኢየሩስ ነቅታ ትሁን ተኝታ ለራሷም አልለየላትም።

በማግሥቱ አገርነሽ ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች፤ ኢየሩስ አጠገቧ ጋቢ ተከናንባ ታያታለች። አክስቷ እጇን ሳታቆም ማውራት ጀመረች።

"ድሮ ክፉ ድርቅ ሆነ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ውሃ ፍለጋ ወጣች። ከዚያ ማዶ ካለው ዝግባ ሥር ደርሳ ልታጠባው ስታወርደው፣ ልጁ ትንፋሽ የለውም። ጀርባዋ ላይ ዝም ብሏል። እዚያው ቁጭ አለች። ወተቷ ግን ምኑን ያውቃል? መሬት ላይ ፈሰሰ። መሬቱ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሲጠግብ ውሃ አድርጎ መለሰው። እሷም አልተነሳችም። በዙሪያው ያለው ደን የበቀለው በላይዋ ነው፤ ለዚህ ነው ቅርንጫፍ እንኳን የማንቆርጠው።"

"አሁንም እዚያ አለች?"

"ወዴት ትሄዳለች? ጡቷ ሞልቶ እቅፏ ባዶ የሆነ ሴት ሁሉ ወተቷን ወስዳ ለእሷ ትሰጣለች። እኔም ሰጥቻለሁ።"

ኢየሩስ ቀና አለች። አክስቷ ልጅ እንደሞተባት ሰምታ አታውቅም ነበር። ቢሆንም ፈራች።

"አክስቴ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ። ባዕድ አምልኮ ይሆንብኛል።"

"እኔስ ማርያምን አልሳለምም? ማን ስገጂላት አለሽ? ያዘነች ሴት ያዘነች ሴት ዘንድ ብትሄድ፣ ልቅሶ መድረስ ነው።"

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ጥቂት የመንደሩ ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው ወደ ደኑ ገቡ። ኢየሩስ ከመካከላቸው ነበረች። ውስጡ ጉምና እርጥብ ቅጠል ብቻ ነው፤ ድምፅ ሁሉ ከጥጥ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ከዝግባው ሥር ውሃው እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ እያለ ይወጣል። ፀደይ የምትባል ወጣት እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። አንዲት ወገቧ የጎበጠ አሮጊት ጎንበስ ብላ ለውሃው በጋሞኛ የሆነ ስም ነገረችው፤ እንደ ትናንት ሐዘን እንባዋ ወረደ።

ኢየሩስ ጨርቁን ፈታች። ተንበርክካ ጡቷን በእጇ አለበች። መጀመሪያ አመማት፤ ከዚያ ወተቱ በራሱ መጣ፤ በጥቁሩ ውሃ ላይ እንደ ጢስ ተጠቅልሎ ተዘረጋ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ያኔ ከኋላዋ የሆነ ሰው ጀርባዋን ደገፋት። ሰፊ፣ ሞቃት መዳፍ ነበር። አክስቷ መስላት ዞር አለች። ሴቶቹ ሁሉ አገርነሽን ጨምሮ ከውሃው ማዶ ነበሩ።

አልፈራችም። መዳፉ ላይ ተደግፋ፣ ከወለደች ወዲህ ያልወጣላትን ለቅሶ አለቀሰችው። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ።

ስትወጣ ሳምሶን ከደኑ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። መንደርተኞቹ ወንድ በዚያ ሰዓት እንደማይገባ ነግረውታል። ፊቷን አይቶ ብድግ አለ።

"ምን ሆንሽ? ምን አደረጋችሁ?"

ሳትደብቅ ነገረችው፤ ወተቱን፣ መዳፉን። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። ሳምሶን ግን ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

"ስቀብረው በእጄ ይዤው ነበር" አለ እጆቹን እያየ። "እንዴት ቀላል ነበር መሰለሽ። ሰው ሁሉ አንቺን አጽና አለኝ። እኔስ ኢየሩስ፣ እኔ የት ልሂድ?"

ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። እጁን ይዛ ደኑን በዳር በዳር ቁልቁል አወረደችው፤ የምንጩ ውሃ ከዛፎቹ ወጥቶ ወደ መንደሩ መስክ የሚፈስበት ቦታ ደረሱ። እዚያ ማንም አይከለከልም።

"ታጠብ" አለችው።

ሳምሶን የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ጎንበስ አለ። በሁለት እጁ እየዘገነ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ክንዱን ታጠበ፤ ደጋግሞ ታጠበ። ኢየሩስ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ጉሙ ተገፎ ከብቶቹ ለውሃ እስኪወርዱ ድረስ ልጃቸው ማንን ይመስል እንደነበር እንዲነግራት ጠየቀችው፤ እሱም ነገራት።