የሜይዚ አማችና የንባብ ፈተናው

ካንቤራ ያለው የጥናት ቢሮ አንዴ የያዘውን ሕፃን አይለቅም። በየዓመቱ እየተመለሰ ቁመቱን፣ እንቅልፉን፣ ንባቡን ይለካል። በዚህ የበረሃ መንደር የቢሮው እጅና እግር ሜይዚ ናት። ክሊፍተንን ገና ጥርስ ሲያበቅል ጀምሮ ስትጠይቀው የኖረችው እሷ ናት፤ መመሪያውም ቢሆን ጠያቂው ልጁ የሚያውቀው ሰው ይሁን፣ ፊት ለፊትም ይቀመጥ ይላል።

ችግሩ ክሊፍተን ዘንድሮ ልጅነቱን መጨረሱ ነው። ወንዶቹ ወሰዱት፣ የሚደረገውን አደረጉ፣ ጎልማሳ አድርገው መለሱት። ማንንም ባያገባም በዘር ቆጠራ ለሜይዚ አማች ይሆናል። ልጅ ሳለ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር። አሁን ግን መንገድ ላይ ካየችው ትታጠፋለች፤ እሷ ሱቅ ውስጥ ካለች እሱ ውጭ ይቆማል። በመንደሩ ወግ በአማትና በአማች መካከል መተያየት የለም፣ መነጋገር የለም። ቢሮው ለአማትና አማች የሚሆን አንቀጽ መመሪያው ውስጥ አላስገባም።

የሜይዚ አለቃ ፊዮና ይህን ስትሰማ መኪናዋን አስነስታ መጣች። ልጁ አምና ደቡብ አጎቱ ዘንድ ስለነበር አልተፈተነም፤ ዘንድሮም ካመለጠ ከጥናቱ ይሰረዛል አለች። ሜይዚን ያንገበገባት ይኸው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ፈተና ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለነበር ክሊፍተን አፉን አልከፈተም። ቢሮው ዝምታውን አለማወቅ ነው ብሎ ዜሮ ሰጠው። አሁን ቢሰረዝ ያ ዜሮ የመጨረሻው ቃል ሆኖ ሊቀር ነው፤ ከክሊኒክ የሚመጣውን ደብዳቤ ለጎረቤት ሁሉ የሚያነበው ግን ይኸው ልጅ መሆኑን አያቱ ነግረዋታል።

ፊዮና ራሷ ሞከረች። ክሊፍተን በትሕትና ጫማውን ሲያጠና ቆይቶ ሄደ።

በማግስቱ ሜይዚ ውሻዋን ናፍጣን አስከትላ መጣችና የውሃ ታንከሩን ተደግፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ክሊፍተን ከታንከሩ ወዲያ መጽሐፉን ይዞ ተቀምጧል። ፊዮና መሐል ላይ ሆና መመሪያዋን ታገላብጣለች። ሦስተኛ ሰው መገኘት ክልክል ነው ይላል፤ ስለ ውሻ ያለው ነገር የለም።

«ናፍጣ» አለች ሜይዚ፣ «ያ ሰውዬ ከላይኛው መስመር ቢጀምርልን ጥሩ ነበር።»

ናፍጣ ጆሮውን አከከ።

«ናፍጣዬ» አለ ክሊፍተን ከወዲያ፣ «ይሄማ የሕፃናት ነው። ከባድ የሚባለው የታለ?»

ከባዱ ስለ በረዶ ግግር የተጻፈ ነበር። ቀስ ብሎ ጀመረ። አንድ ረጅም ቃል ላይ ተደናቀፈ፤ ተመለሰና አስተካክሎ አለፈ። ከዚያ በኋላ ድምፁ እየሞላ ሄደ። ሜይዚ አሸዋው ላይ አፍጥጣ ትሰማለች፤ ፊዮና ታብሌቷን ትነካካለች። ገጹ አለቀ፣ ሌላ ተገለጠ፣ እሱም አለቀ። ቢሮው ከዚህ የከበደ አላዘጋጀም።

ሜይዚ ወደ ናፍጣ ጎንበስ አለችና አንገቱን አቀፈችው። «ጎበዝ» አለችው። «የኔ አንበሳ። ያን ጊዜ ዝም ብለህ እንዴት እንዳቃጠልከኝ።»

ፊዮና ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ ሜይዚ፣ ተፈታኝን ማሞገስ አይፈቀድም እኮ።»

«ውሻዬን ነው» አለች ሜይዚ።