ቁምሣጥን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር

ሳህኑ በሩ አጠገብ ነበር፤ ምግቡ እንደተሞላ ላዩ ደርቋል። ውሃው ትንሽ ጎድሏል። ውሻው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተኝቷል፤ ተኝቷል ይባል እንጂ ዓይኑ አልተከደነም። ከትልቅነቱ የተነሣ ጭንቅላቱ በአንዱ ጫፍ፣ ጅራቱ በሌላው ጫፍ ተርፎ ወጥቷል። ልብስ ሰፊው ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ይህን አንድ በአንድ አየና ከትናንቱ ምንም እንዳልተለወጠ አረጋገጠ።

የእንስሳት መጠለያው ሠራተኛ ረቡዕ ውሻውን ስትሰጠው ቁርጡን ነግራዋለች።

"ሁለት ቤተሰብ ወስዶ መልሶታል። ዓርብ ማታ መጥቼ አየዋለሁ፤ እስከዚያ ካልበላ ይዤው እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ለሰው አንሰጠውም፤ እዚያው አጥር ውስጥ ነው የሚያረጀው።"

ያንን አጥር ልብስ ሰፊው አይቶታል። ውሻው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ በሚቆምበት ቦታ ሲሚንቶው በጥፍር ተፍቆ ነበር።

ዛሬ ዓርብ ነው።

"ቁምሣጥን ዛሬም አድማ ላይ ነው?" አለች እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። ቁምሣጥን ለውሻው ግዙፍነት ያወጣችለት ስም ነው። ታናሹ ናት፤ አብራው ስትሰፋ ነው ፀጉሯ የሸበተው።

"አድማ ላይ ነው።"

"አንተን እያየ ነዋ! እኔም አንተን እያየሁ ምግብ አይወርድልኝም።"

ልብስ ሰፊው አልሳቀም። እሱ አንድ ኮት ሲጣመምበት ስፌቱን ሁሉ አይፈታም፤ አንዱን ይፈታል፣ ያያል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለውሻውም እንዲሁ አድርጓል። ምግቡን ቀየረ። ሳህኑን ከጥግ ወደ በሩ አመጣ። ግማሽ ቀን የስፌት መኪናውን አስቆመ፤ መቀሱን ሳይቀር ደበቀ። ውሻው ግን እሱ ወይም እህቱ ጎንበስ ባሉ ቁጥር መሬት ሊገባ ይደርሳል።

አመሻሹ ላይ እህቱ ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ ጠምጥማ ወጣች። በጠረጴዛው በኩል ስታልፍ የወደቀ የልብስ ቁልፍ አይታ ጎንበስ አለች። ውሻው አልሸሸም። ጭራሽ አንገቱን አስግጎ አሸተታት።

"ወንድምዓለም!" አለች በሹክሹክታ። "አየኸው?"

"አትነቃነቂ።"

"ሳሙናዬን ወዶት ይሆን?"

በሩ ተንኳኳ። ውሻው ተመልሶ ተሸማቀቀ።

ሠራተኛዋ ገብታ መጀመሪያ ያየችው ሳህኑን ነው።

"አልበላም?"

ልብስ ሰፊው ሊዋሽ ከጀለው፤ አፉ ግን እሺ አላለውም። "አልበላም።"

"እንግዲህ ጋሼ፣ አይፍረዱብኝ።" ማሰሪያውን ከቦርሳዋ ስትመዝዝ ጫፉ ተንጠለጠለ። ውሻው ተንቀጠቀጠ። ዓይኑ ግን ማሰሪያው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከማሰሪያው ወደ ልብስ ሰፊው ደረት፣ ከደረቱ ወደ ማሰሪያው ይመላለሳል።

ልብስ ሰፊው እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ። የልብስ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ አለንጋ ተንጠልጥለዋል። ጠዋት ጠዋት ከሸሚዙ ጋር አብሮ ይለብሰዋል፤ መኖሩን ከረሳ ዘመን ተቆጥሯል። እህቱም እንደዚያው ናት። ዛሬ ግን ፀጉሯን ልትታጠብ አውልቃዋለች።

"ልጄ፣ በሞቴ፣ ያንን ነገር ቦርሳሽ ውስጥ መልሺው።"

"ጋሼ፣ እየመሸብኝ ነው..."

"መልሺው አልኩሽ! አሁንም ካልበላ ያኔ ትወስጂዋለሽ።"

ሠራተኛዋ እህቱን አየቻት። እህቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ማሰሪያው ቦርሳ ገባ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አውልቆ ጠቀለለ፤ መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ዘጋው። ከዚያ ሳህኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ከኋላው ጥፍር ወለሉን ጫር አደረገ። ቆመ። እንደገና ጫር፣ ጫር አለ፤ ሙቅ አየር ጆሮውን ነካው። ቀጥሎ የሰማው ሳህኑ ከወለሉ ጋር ሲፋተግ ነው።

እህቱ ፎጣዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ይሁን ትስቅ አይለይም። ሠራተኛዋ የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች።

ልብስ ሰፊው አንገቱን ቀስ ብሎ መለሰ። ሜትሩ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ በዓይኑ ለካ፤ ከጉልበቱ እስከ ውሻው ትከሻ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት።